የእሁዱ ወርዋሪ ማን ነው? ስለ ኮሌጅ ቤዝቦል ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፤ የእህቴ ልጅ በአሜሪካ ቀዝቃዛ ግዛቶች በአንዱ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሲሆን፣ ለዩኒቨርሲቲው የቤዝቦል ቡድን ወርዋሪ ሆኖ ይጫወታል። እኛም እዚህ ደብረ ብርሃን ሆነን ውጤቱን በስልክ እንከታተላለን። አምና ቡድኑ ያሸነፋቸው ጨዋታዎች ከተሸነፈባቸው በጥቂቱ ይበልጡ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዋናው ወርዋሪ በሐምሌ በፕሮፌሽናል ቡድን ተመርጦ ሄደ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ (ሯጮች በተራ የሚረግጧቸው ማረፊያዎች) መካከል የሚቆመው ጎበዝ ተጫዋች ወደ ደቡብ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፣ ሌላው ወርዋሪ ደግሞ ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ለመጪው የውድድር ዘመን የወጣው ግምት ቡድኑን በኮንፈረንሱ (እርስ በርስ በሚወዳደሩት ዩኒቨርሲቲዎች ምድብ) መካከለኛ ደረጃ ላይ አስቀምጦታል፤ አሠልጣኙ በበኩላቸው «ከአምናው እንሻላለን» ብለዋል። ማንን እንመን? የልጃችንስ ዕድል እንዴት ይታያል?
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ አሠልጣኝ የውድድር ዘመን ከመጀመሩ በፊት የራሱን ቡድን ሲያሳንስ አይሰማም። የኮንፈረንስ ግምት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከተወዳዳሪ ቡድኖች አሠልጣኞች በሚሰበሰብ ድምፅ ሲሆን፣ ድምፅ ሰጪዎቹ የሌላውን ቡድን አዳዲስ ልጆች ገና በሜዳ ስላላዩዋቸው የአምናውን ሰንጠረዥ ጥቂት ነካክተው ይደግሙታል። ስለዚህ ሁለቱንም ከመቀበልዎ በፊት የቡድኑን የስም ዝርዝር ይዘው አንድ ነገር እንዲያጣሩ እመክርዎታለሁ፤ በዚህ ቡድን እሁድ የሚወረውረው ማን ነው?

ይህን ያልኩበትን ምክንያት ለመረዳት የኮሌጅ ቤዝቦልን የሳምንት አካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ኤንሲኤኤ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር በሚያስተዳድረው የመጀመሪያ ዲቪዚዮን 300 ያህል ቡድኖች አሉ። እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን እስከ 56 ጨዋታ ያደርጋል። ጨዋታዎቹ በአብዛኛው ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር በተከታታይ የሚደረጉ ሲሆኑ፣ በሳምንቱ አጋማሽ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጨዋታ ይጨመራል። ወርዋሪው ከ18.44 ሜትር ርቀት ላይ ኳሷን በሙሉ ኃይሉ ወደ መቺው ይልካል፤ በአንድ ቀን መቶ ጊዜ ያህል የወረወረ ክንድ ለሚቀጥለው ተመሳሳይ ሥራ የሚደርሰው ከሳምንት በኋላ ነው። በዚህ የተነሳ አሠልጣኙ ሦስት ጀማሪ ወርዋሪዎች፣ ማለትም ጨዋታውን የሚከፍቱ፣ ያስፈልጉታል፤ ምርጡን ለዓርብ፣ ተከታዩን ለቅዳሜ፣ ሦስተኛውን ለእሁድ ይመድባል።

ዓርብ ዕለት ሁለቱም ቡድኖች ምርጣቸውን ያሰልፋሉ። ደካማ የሚባለው ቡድን እንኳ አንድ ጥሩ ወርዋሪ አያጣም፤ ስለዚህ የዓርቡ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ በጠባብ ልዩነት ይጠናቀቃል። የቡድኖቹ እውነተኛ ልዩነት የሚገለጠው እሁድ ነው። አምስተኛው ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር) ላይ ሦስተኛው ወርዋሪ ይደክማል፣ ኳሱ ከሚፈለገው ቦታ አንድ ስንዝር ከፍ ማለት ይጀምራል፣ ሁለት መቺዎችን በተከታታይ አራት አራት የተሳሳተ ኳስ ወርውሮ በነጻ ወደ ቤዝ ይልካቸዋል። አሠልጣኙ ወደ ሜዳው ወጥቶ ኳሷን ከእጁ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ተቀያሪ ዓርብ ሠላሳ ጊዜ የወረወረ ከሆነ፣ መቺዎቹ ፍጥነቱ መቀነሱን በመጀመሪያዋ ኳስ ያውቁበታል። የበረታ ቡድን ግን በዚህ ሰዓት የሚያስገባው ሌላ ያረፈ ክንድ አለው። ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ማሸነፍና ሁለቱን መሸነፍ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ልዩነት በየሳምንቱ ሲደጋገም የአንዱን ቡድን ግንቦት ከሌላው ግንቦት ፈጽሞ የተለየ ያደርገዋል።

ለዚህ የማውቀው ጥሩ ምስክር እ.ኤ.አ. በ2019 ሻምፒዮን የሆነው የቫንደርቢልት ቡድን ነው። ወደ መጨረሻዎቹ ስምንት ለመግባት ከዱክ ጋር ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ያልፋል በሚለው ሕግ ሲጫወት፣ የመጀመሪያውን ጨዋታ 18 ለ 5 በሆነ ከባድ ውጤት ተሸነፈ። በማግስቱ ኳሷን የያዘው ኩማር ሮከር የተባለ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር፤ አንድም ምት ሳይፈቅድ 19 መቺዎችን በስትራይክ (ሦስት ትክክለኛ ውርወራ ሳይመቱ ቀርተው) አስወጥቶ ቡድኑን 3 ለ 0 አሸናፊ አደረገው። ቫንደርቢልት ሦስተኛውንም ጨዋታ አሸንፎ አለፈ። በፍጻሜውም ከሚሺጋን ጋር የመጀመሪያውን ጨዋታ 7 ለ 4 ተሸንፎ፣ ሁለተኛውን እንደገና በሮከር 4 ለ 1፣ ሦስተኛውን 8 ለ 2 አሸነፈ። በአንድ ጎበዝ ወርዋሪ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ቡድን ቢሆን ኖሮ ከዱክ ጋር በነበረው የመጀመሪያ ምሽት ተስፋው ባበቃ ነበር።

የውድድሩ አወቃቀርም ብዙ ክንድ ያለውን ይረዳል። ለብሔራዊው ውድድር የሚመረጡት 64 ቡድኖች ሲሆኑ፣ አራት አራት ሆነው በ16 ምድብ ይከፈላሉ። በየምድቡ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ይሰናበታል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የተሸነፈ ቡድን ምድቡን ለማለፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ አምስት ጨዋታ ማድረግ ሊኖርበት ይችላል፤ ሦስት ወርዋሪም አይበቃውም። ከ16ቱ አሸናፊዎች መካከል በጥንድ ጥንድ ተጋጥመው ያለፉት ስምንቱ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የፍጻሜው ውድድር ወደሚደረግባት ወደ ኦማሃ፣ ነብራስካ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ እርስዎ ቡድን እንመለስ። ዋናው ወርዋሪ መሄዱ ያሳዘናችሁ መሆኑን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ይህ በኮሌጅ ቤዝቦል የተለመደ ነው። የአራት ዓመት ኮሌጅ ተጫዋች ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው በድራፍቱ (ፕሮፌሽናል ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) ሊመረጥ ይችላል፤ ድራፍቱም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ 20 ዙር አለው። ስለዚህ ማንኛውም ቡድን በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ምርጦቹን ሊያጣ እንደሚችል አውቆ ይዘጋጃል። መታየት ያለበት ዓርብን ማን ተካው የሚለው ብቻ አይደለም። የአምናው የቅዳሜ ወርዋሪ ወደ ዓርብ፣ የእሁዱ ወደ ቅዳሜ ከፍ ብለው ከሆነ ክፍተቱ የሚታየው እሁድ ላይ ነው። ሁለቱ ልጆች በጠንካራው ቀን ጠንካራ ተጋጣሚ ሲገጥማቸው የአምናው አሃዛቸው ጥቂት ሊበላሽ እንደሚችልም ከወዲሁ መገመት ይገባል።

የተዛወረውን ተጫዋች በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ ሲቀይሩ አንድ ዓመት ከጨዋታ ውጭ ሆነው የመቆየት ግዴታቸው ስለተነሳ ዝውውር እጅግ በዝቷል። ቀድሞ ለአንድ ቡድን የሚፈቀደው የነጻ ትምህርት ዕድል በድምሩ 11.7 ብቻ ስለነበር አሠልጣኞች እየከፋፈሉ ለብዙ ልጆች ይሰጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ግን ለተስማሙት ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ገደብ አንስቶ በምትኩ የተጫዋቾችን ቁጥር በ34 ወስኗል። ገንዘብ ያለው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የትንሹን ጎበዝ ልጅ መውሰድ ቀልሎታል፤ ይህ እንደ እርስዎ ላለው ቡድን መልካም ለውጥ ነው ብዬ አላምንም። በሌላ በኩል ከትልልቆቹ ቡድኖች ቦታ ያጡ ልጆችም ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ቡድናችሁ ከእነዚህ አንዱን ለዚያ ቦታ አግኝቶ እንደሆነ ይመልከቱ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ያለው ይህ ቦታ በመከላከል ረገድ እጅግ ከከበዱት አንዱ ነው፤ መሬት ለመሬት የሚንከባለል ኳስ በብዛት የሚሄደው ወደዚያ ስለሆነ፣ ደካማ ተጫዋች ከቆመበት እያንዳንዱ ወርዋሪ በየጨዋታው ተጨማሪ ኳስ ለመወርወር ይገደዳል፤ ጉዳቱም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በዚያው በእሁዱ ክንድ ላይ ነው።

ክርኑን የታከመው ልጅ የተደረገለት በቶሚ ጆን ስም የሚጠራው ቀዶ ሕክምና ከሆነ ዘንድሮ ብዙ ባይጠብቁበት ይሻላል። ይህ ሕክምና በክርን ውስጥ የተበጠሰውን ጅማት ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ጅማት የሚተካ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1974 በዶክተር ፍራንክ ጆብ ነው። ታካሚው ቶሚ ጆን እ.ኤ.አ. በ1976 ወደ ሜዳ ተመልሶ እስከ 1989 ተጫውቷል፤ ስለዚህ ሕክምናው የሕይወት ፍጻሜ አይደለም። ይሁንና ወርዋሪ ወደ ውድድር የሚመለሰው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። ቶሎ እንዲመለስ የሚገፋፋ አሠልጣኝ ካለ ልጁን ይጎዳዋልና፣ ቤተሰብ ዝም ሊል አይገባም።

የአምናውን ውጤት ራሱንም በጥንቃቄ ማንበብ ይኖርብዎታል። ቢል ጄምስ የተባለው የቤዝቦል ስታቲስቲክስ ጸሐፊ ያቀረበው ቀላል ስሌት አለ፤ ቡድኑ ያስቆጠረውን ነጥብ በራሱ ያባዛሉ፣ የተቆጠረበትንም እንዲሁ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር ያካፍላሉ። ለምሳሌ 400 ነጥብ አስቆጥሮ 300 የተቆጠረበት ቡድን 160,000ን ለ250,000 ሲያካፍሉ 64 በመቶ ይመጣል፤ ከ56 ጨዋታ 36 ያህሉን ማሸነፍ ይገባው ነበር ማለት ነው። በእውነቱ ያሸነፈው 30 ብቻ ከሆነ፣ በአንድ ነጥብ ልዩነት ብዙ ጨዋታ ያመለጠው ዕድለ ቢስ ቡድን ነበርና ሰው ቢያጣም ዘንድሮ ሊሻሻል ይችላል። በተቃራኒው ከሚገባው በላይ ያሸነፈ ቡድን ደረጃው ሊወርድ እንደሚችል መጠርጠር አለበት። የቡድንዎን ሁለት ቁጥሮች ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ አግኝተው ቢያሰሉት አሠልጣኙ «እንሻላለን» ማለታቸው መሠረት እንዳለው ወዲያውኑ ይገባዎታል።

ቅድመ ግምት ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ደግሞ የሩቅ ታሪክ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ2022 ቴነሲ 57 ጊዜ አሸንፎ 9 ጊዜ ብቻ የተሸነፈ፣ የአገሪቱ አንደኛ ቡድን ሆኖ ሳለ በኖትር ዳም ተሸንፎ ኦማሃ ሳይደርስ ቀረ። በዚያው ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ኦል ሚስ (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ) ከ64ቱ መካከል በመጨረሻ የተመረጠ ቡድን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1999 በኋላ አንደኛ ተብሎ ወደ ውድድሩ የገባ ቡድን ዋንጫውን ያነሳው በ2024 ነው፤ እሱም ያው ቴነሲ ነው።

ቡድናችሁ የሰሜን መሆኑ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ውድድሩ በየካቲት መጀመሪያ ሲከፈት ሜዳቸው በበረዶ የተሸፈነ ስለሆነ ለሳምንታት ወደ ደቡብ እየተጓዙ በብርዱ ወራት ሁሉ በውጭ ሲለማመዱ ከቆዩ ቡድኖች ጋር በባዕድ ሜዳ ይጫወታሉ። በዚያ ወቅት መሸነፋቸው የሚጠበቅ ነው፤ በዚህ ተስፋ መቁረጥ የበልግን የመጀመሪያ ዝናብ አይቶ ስለ መኸሩ አዝመራ እንደመፍረድ ይሆናል። ከዚህም በላይ መራጩ ኮሚቴ ከሚመለከታቸው መለኪያዎች አንዱ በሆነው አርፒአይ በተባለው ቀመር፣ የቡድኑ የራሱ የማሸነፍ መጠን የሚይዘው 25 በመቶ ሲሆን 50 በመቶው የተጋጣሚዎቹ፣ ቀሪው 25 በመቶ ደግሞ የተጋጣሚዎቹ ተጋጣሚዎች ውጤት ነው። ስለዚህ ከጠንካራ የደቡብ ቡድን ጋር ተጫውቶ ከሦስት አንዱን ማሸነፍ ዋጋ አለው። የሰሜን ቡድን ሩቅ ሊሄድ እንደሚችልም ከላይ የጠቀስኩት የ2019ኙ የሚሺጋን የፍጻሜ ተሳትፎ ያሳያል።

ስለ እህትዎ ልጅ የምለው ይህ ነው። የሁለተኛ ዓመት ወርዋሪ በመሆኑ፣ ሁለት ጀማሪ ወርዋሪዎች በአንድ ክረምት ከጎደሉበት ቡድን የተሻለ በር አይከፈትለትም። ስልክ ሲደውልላችሁ ስንት አሸነፋችሁ ከማለት ይልቅ በመስከረምና በጥቅምት በተደረገው የእርስ በርስ ልምምድ አሠልጣኙ በየትኛው ቀን እንዳስጀመሩት ጠይቁት። ውድድሩ ሲጀመር ደግሞ ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ተከታተሉ፤ በስትራይክ ያስወጣቸውን መቺዎችና በነጻ ወደ ቤዝ የላካቸውን። የተቆጠረበት ነጥብ ከኋላው በቆሙት ተከላካዮች ጥፋትም ይጨምራል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በአብዛኛው የእሱ የራሱ ሥራ ናቸው። ካስወጣቸው በነጻ የላካቸው ሢሶ እንኳ የማይሞሉ ከሆነ ልጁ ለእሁድ ደርሷል። እኔ ከሩቅ ሆኜ ስገምት ቡድናችሁ በኮንፈረንሱ መካከል ላይ ይጀምራል፤ እሁድን የሚይዝ ሰው ካገኘ ግን በሚያዝያ ከዚያ ከፍ ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ የስፖርት መምህር ነኝ። በተራራማ ስፍራ ያሉ የአሜሪካ ኮሌጆች ብዙ ሆም ራን (ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያርፍ ምት) እንደሚመቱ አነበብኩ። ይህ ለመጪው የውድድር ዘመን ጠንካራ መሆናቸውን ያሳያል?
ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ

መልስ፦ የግድ አያሳይም። እርስዎ በመንዝ ከፍታ ላይ ሯጮችን ሲያሠለጥኑ አየሩ መሳሳቱን የሚያውቁት በትንፋሽ ነው፤ በቤዝቦል ግን ልዩነቱ የሚታየው በኳሷ ላይ ነው። በቀጭን አየር ውስጥ የተመታች ኳስ የሚገታት ግፊት ስለሚቀንስ ርቃ ትበራለች፤ በወርዋሪው ጣት የተሽከረከረች ኳስም የምትታጠፈው ባነሰ መጠን ስለሆነ ለመምታት ትቀላለች። 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በዴንቨር ያለው ፕሮፌሽናል ቡድን በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ኳሶቹን እርጥበቱ ቁጥጥር በሚደረግበት ክፍል ውስጥ ያስቀምጣል። በኮሌጅም በአልበከርኪ የሚገኘው የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲና በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያለው የአየር ኃይል አካዳሚ በከፍታ ላይ ይጫወታሉ።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቡድን ሲገመግሙ በሜዳው የመታውንና ከሜዳው ውጭ የመታውን ለየብቻ ያስቀምጡ። ወርዋሪዎቹንም አይናቁ፤ በከፍታ ላይ ብዙ ነጥብ የተቆጠረበት ልጅ ዝቅ ባለ ስፍራ ጥሩ ወርዋሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በነጻ ወደ ቤዝ የተላኩ መቺዎች ቁጥር ከፍታው ብዙም ስለማይነካው ለማወዳደር ይመቻል። በዚህ ጉዳይ ግምት አውጪዎች በየዓመቱ ቸል ሲሉ አያለሁ።

ጥያቄ፦ የቡድኑ ዕድል በትክክል የሚታወቀው መቼ ነው? ከዚህ ሆነን መከታተል ብንፈልግስ ሰዓቱ ይመቻል?
ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ በየካቲት አይታወቅም። በመጋቢት የኮንፈረንስ ጨዋታዎች ሲጀመሩ የወርዋሪዎቹ ቀን እየጸና ስለሚሄድ የመጀመሪያው አስተማማኝ ምልክት ያኔ ይገኛል። የኮንፈረንስ ውድድሮች ግንቦት አጋማሽ ላይ ይደረጋሉ፤ አሸናፊው በቀጥታ ስለሚያልፍ መካከለኛ ቡድንም እስከዚያ ቀን ድረስ ተስፋ አለው። 64ቱ ቡድኖች የሚታወቁት ግንቦት 17 እና 23 መካከል በሚውለው ሰኞ ሲሆን፣ የኦማሃው ውድድር የሚጀመረው በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት፣ የሚያበቃውም በወሩ አጋማሽ ላይ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ከቀኑ 12 ሰዓት ላይ የሚጀመረው የዓርብ ጨዋታ በየካቲት ለእኛ የቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ እነሱ በመጋቢት መግቢያ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉ ወደ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይመጣል። የእሁዱ ጨዋታ ግን ብዙውን ጊዜ በእነሱ ከቀትር በኋላ በ7 ሰዓት ገደማ ስለሚጀመር በየካቲት ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሊከታተሉት ይችላሉ። ወደ መካከለኛው ክፍል ግዛቶች ከሆነ አንድ ሰዓት ይጨምሩበት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዷን ውርወራ በድረ ገጻቸው በጽሑፍ ስለሚያሳዩ ደካማ ኢንተርኔት ላለበት ስልክም ይበቃል፤ ጨዋታው ሳይጀመር የጀማሪ ወርዋሪዎቹን ስም እዚያው ላይ ያገኙታል።